ከካስፓሮቭ በፊት ቲንስሊ ነበር፦ የዳማው ሰውዬና ቺኑክ

ባለቆርኪ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ቤት የሰውና የኮምፒውተር ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው የቼዙ ሻምፒዮን ካስፓሮቭ ላይ ተጀምሮ ካስፓሮቭ ላይ ያልቃል። ግፋ ቢል አንዱ የእስያውን የጎ ጨዋታ ሊቅ ሊ ሴዶልን ያነሣና ይበተናል። ዛሬ ዳማ ይዤ መጥቻለሁ። «ዳማ የልጅ ጨዋታ ነው» ሊል የተዘጋጀ ካለ የቼዙ ክር እዚያው ጎን አለ፣ አልቀየምም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሰውየው ማሪየን ቲንስሊ ይባላል። በ1927 ኦሃዮ ተወለደ። የሒሳብ ዶክተር ነው፣ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፣ በዚያ ላይ ሰባኪ ነበር። ከ1950 ጀምሮ በ1995 እስኪሞት ድረስ የተሸነፈው ሰባት ጨዋታ ነው። ሰባት ውድድር አላልኩም፤ ሰባት ጨዋታ፣ በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ። በየትኛውም የጭንቅላት ጨዋታ እንዲህ የገነነ ሰው እኔ አላውቅም፤ ካለ ንገሩኝ።

ከሰባቱ ሽንፈት ሁለቱን ያቀመሰው ቺኑክ የተባለ ፕሮግራም ነው። ጆናታን ሼፈር የሚባል የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ካናዳ ውስጥ ኤድመንተን ላይ ከባልደረቦቹ ጋር በ1989 ጀመረው። በ1990 ቺኑክ የአሜሪካን ብሔራዊ ውድድር ገባና ከቲንስሊ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በሕጉ መሠረት ሻምፒዮኑን የመግጠም መብት አገኘ ማለት ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ የዳማ ማኅበራት ግን ማሽን ለዓለም ሻምፒዮና አይሰለፍም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ቲንስሊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሻምፒዮንነቱን መለሰላቸው። ሻምፒዮን ካልሆነ ማን ከማን ጋር ተጫወትክ ይለዋል! ማኅበራቱ መውጫ ሲያጡ «የሰውና የማሽን የዓለም ሻምፒዮና» የሚል አዲስ ማዕረግ ፈጠሩ።

በኦገስት 1992 ለንደን ላይ ተገናኙ። ሰውየው 65 ዓመቱ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ፣ 39 ጨዋታ። ቲንስሊ 4 አሸነፈ፣ ቺኑክ 2፣ የቀረው 33 አቻ። በኦገስት 1994 ቦስተን፣ የኮምፒውተር ሙዚየም ውስጥ እንደገና ተቀመጡ። ስድስት ጨዋታ፣ ስድስቱም አቻ። ከዚያ ቲንስሊን ሆዱን ያመው ጀመር፣ ሲመረመር ቆሽቱ ላይ እብጠት ተገኘ። ማዕረጉን ለቺኑክ ለቅቆ ሄደ። በኤፕሪል 1995 በካንሰር አረፈ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ቺኑክ ቲንስሊን አሸንፎታል ትላላችሁ? እኔ አላሸነፈውም ባይ ነኝ። ሙግት ያለው ይምጣ።


የሸገር ልጅ

ሰባት ጨዋታ በ45 ዓመት? እኔ ከምሳ በፊት ከዚያ በላይ እሸነፋለሁ፣ ያውም በታናሽ ወንድሜ። ደግሞ ሰባኪ ነው አልክ፤ ጸሎት ሳይኖርበት አይቀርም።


ባለቆርኪ

ሃሃ፣ ራሱም ብሎታል እኮ። ለንደን ላይ ከመጫወታቸው በፊት ከቺኑክ የተሻለ ፕሮግራመር አለኝ፣ የእሱ ጆናታን ነው፣ የእኔ ጌታ ነው ብሎ ነበር።


ዝምተኛው

ስሜት ሌላ፣ ውጤት ሌላ። ለንደን ላይ ቲንስሊ ካሸነፋቸው አራቱ አንዷ፣ 18ኛዋ ጨዋታ፣ ቺኑክ መሐል ላይ ስለተበላሸ የተለቀቀች ናት። ይህን ዘለልከው። ከ14ኛው ጨዋታ በኋላ ደግሞ ማሽኑ 2 ለ 1 ይመራ ነበር፤ ይህንንም ዘለልከው።

ሰው ይደክማል፣ ያረጃል፣ ይታመማል። ማሽን ይበላሻል። ማሽን ተበላሽቶ የጠፋበት ነጥብ ለሰው ከተቆጠረ፣ ሰው ታሞ የተወው ማዕረግም ለማሽን ይቆጠራል። በአንድ ሚዛን እንመዝን ነው የምለው። ከቦስተን በኋላ ማዕረጉ የማን ሆነ? የቺኑክ። አለቀ።


ባለቆርኪ

እሺ በሚዛንህ እንሂድ። 18ኛዋን ቀንሳት፣ 3 ለ 2 ይሆናል፤ አሁንም የሚበልጠው ሰውየው ነው። ቦስተን ላይ ደግሞ እስኪያመው ድረስ ስድስት ጊዜ ተቀምጠው አንዱ አንዱን አልነካም። ያ ቺኑክ የ1992ቱ ቺኑክ አይደለም፤ ሰሌዳው ላይ ስምንትና ከዚያ በታች ጠጠር የቀረበትን አቀማመጥ ሁሉ መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ሆዱን እያመመው ያለ የ67 ዓመት ሰው ያንን ሁሉ ይዞ የመጣ ማሽን ፊት ተቀምጦ አንድም አልተነካም። ይህን ሽንፈት የሚለው የትኛው መዝገበ ቃላት ነው?


አባ ደርብ

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የቼዝ ሰው ነኝ፤ ዳማውን እምብዛም አልችልበትም። ግን ካስፓሮቭን እንዲህ አቃልላችሁ አትለፉት፤ የሁለቱን ሰዎች ጠባይ ጎን ለጎን ማየት ደስ ይላል።

ኒው ዮርክ በሜይ 1997 የሆነውን ብዙው ሰው የሚያውቀው በውጤቱ ነው፤ የአይ ቢ ኤሙ ማሽን ዲፕ ብሉ 3.5፣ ካስፓሮቭ 2.5። ቁስሉ ያለው ግን ሁለተኛዋ ጨዋታ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ካስፓሮቭ አሸንፎ ነበር። በሁለተኛዋ ማሽኑ በንግሥቲቱ ገብቶ ወታደር የሚለቅምበት መንገድ ተከፍቶለት እያለ ትቶት፣ በ36ኛውና በ37ኛው እንቅስቃሴ ቀስ ብሎ አንገት የሚያንቅ አካሄድ መረጠ። ኮምፒውተር ያገኘውን ይበላል ብሎ የተዘጋጀ ሰው ደነገጠ። በ45ኛው ላይ እጁን ሰጠ። በማግስቱ ተንታኞች ያ ቦታ ተደጋጋሚ ኪሽ በመስጠት አቻ ሊወጣበት ይችል እንደነበር አሳዩት። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ አቻ ሊያወጣው በሚችለው ጨዋታ እጁን ሰጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰውየው አልነበረም። ሦስቱ አቻ አለቁ፣ ስድስተኛዋ ላይ በካሮ ካን መክፈቻ ገብቶ፣ ማሽኑ ፈረሱን ሠውቶበት፣ በ19 እንቅስቃሴ ተጠናቀቀ። ከማሽኑ ጀርባ ሰው አለ ብሎ ጠረጠረ፣ የማሽኑን መዝገብ አሳዩኝ አለ፣ እንደገና እንጋጠም አለ። አይ ቢ ኤም ግን ሌላ ግጥሚያ ሳይሰጠው ማሽኑን ፈታቶ አስቀመጠው።

ቲንስሊ ደግሞ በ1990 ከቺኑክ ጋር ለወዳጅነት ሲጫወት፣ ማሽኑ 10ኛ እንቅስቃሴውን እንዳደረገ ሼፈርን ቀና ብሎ አይቶ፣ ይህቺ ትቆጭሃለች አለው። ሼፈር ከ26 እንቅስቃሴ በኋላ እጁን ሰጠ። ካስፓሮቭ ማሽኑ ውስጥ ሰው ሲፈልግ፣ ቲንስሊ እንደ ጎበዝ ተማሪ እያስጠነቀቀ ያጫውተው ነበር።


ዝምተኛው

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ነገሩ ሚዛን የለውም። ቲንስሊ ደግ የሆነው እያሸነፈ ስለነበረ ነው። ካስፓሮቭም በ1996 ፊላዴልፊያ ላይ ዲፕ ብሉን 4 ለ 2 ሲረታ ደግ ነበር። ፊት የሚጠቁረው ሲሸነፉ ነው።


አባ ደርብ

ይሁን። በ1996ም ግን የመጀመሪያዋን ጨዋታ ማሽኑ ነው የበላት፤ ሻምፒዮን በመደበኛ ሰዓት በኮምፒውተር ሲሸነፍ ያኔ የመጀመሪያው ነው። ተነሥቶ ተከታዮቹን አምስት ያለ ሽንፈት ጨረሰ። ስለዚህ ሲሸነፍም ሰው ነበር። የሰበረው ሽንፈቱ አይመስለኝም። ያልገባው ነገር ነው።


ሰሚራ ኮድ

አሸነፈ አላሸነፈ እያላችሁ የምትከራከሩበት ነገር በ2007 ሌላ መልክ ይዟል፤ እስካሁን ማንም አላነሣውም።

ሼፈርና ቡድኑ በዚያ ዓመት ሳይንስ መጽሔት ላይ ዳማን ፈታነው ብለው አወጡ። መልሱ አጭር ነው፤ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ከተጫወተ ጨዋታው አቻ ነው። ወደ መልሱ የተደረሰበት መንገድ ግን ቆንጆ ስለሆነ ኮድ ለማይጽፍ ሰው ልሞክር።

ሰሌዳው ላይ አንድ ጠጠር ብቻ ቀረ እንበል። ጠጠር የሚቆምባቸው ቤቶች 32 ናቸው። ያልነገሠ ጠጠር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሊገኝ አይችልም፣ እዚያ ከደረሰማ ነግሧል፤ ስለዚህ ሊቆም የሚችለው 28 ቦታ ላይ ነው። የነገሠው 32ቱም ላይ ይቆማል። ድምር 60። ነጭም ጥቁርም ሊሆን ስለሚችል 120። እስከዚህ በእጅ ይሠራል። ሁለት ጠጠር ሲሆን 6,972 ይሆናል። ሦስት 261,224። አራት 7,092,774። ስምንት ላይ ስትደርሱ የስምንቱ ብቻ ከ406 ቢሊዮን ይበልጣል።

አሁን እያንዳንዱ አቀማመጥ ላይ ያሸንፋል፣ ይሸነፋል፣ ወይም አቻ ነው የሚል ምልክት ይደረጋል። ጠጠር በተበላ ቁጥር ወደ ትንሹ ሠንጠረዥ ትወርዳላችሁ፤ ትንሹ ቀድሞ ስለተሠራ መልሱ እዚያ ተቀምጧል። ሥራው የሚሄደው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። ለቦስተን 8 ጠጠር ድረስ ይዘው መጡ፣ ሁሉም ሲደመር ወደ 444 ቢሊዮን። በኋላ 10 ጠጠር ድረስ ገፉት፣ 39 ትሪሊዮን። ከመነሻው ሰሌዳ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ወደ ፊት እየፈለገ ይመጣል። ከላይ የመጣው መስመር ሁሉ ከታች የተዘጋጀው ላይ ሲያርፍ ማረጋገጫው ተሟላ።

በዳማ ሊኖር የሚችለው አቀማመጥ 5 ተጽፎ 20 ዜሮ የሚከተለው ያህል ነው። ያንን ሁሉ አላዩትም፤ ማየትም አላስፈለገም። 100 ትሪሊዮን ገደማ ስሌት በቂ ሆነ። በውድድር የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንቅስቃሴዎች በዕጣ ነው የሚወጡት፣ ተጫዋቾቹ በቃል ያጠኑትን አቻ እንዳይደጋግሙ ተብሎ፤ እንዲህ ያሉ መክፈቻዎች 300 ያህል ናቸው። ለማረጋገጫው ግን 19ኙን መፍታት በቃ፣ ሌላው ወይ ተደጋጋሚ ነው ወይ ውጤቱን አይለውጥም። አንዳንዴ እስከ 200 ኮምፒውተር እየሠራበት፣ ከ1997 እስከ 2001 ደግሞ ቆሞ፣ ከ1989 እስከ 2007 ፈጀ።

እንግዲህ ባለቆርኪ፣ ቦስተን ላይ የወጡት ስድስት አቻዎች ባዶ ውጤት አይደሉም። ጨዋታው ራሱ የሚሰጠው መልስ ናቸው።


ዝምተኛው

ሰሚራ፣ ማብራሪያሽ ግሩም ነው፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን አያስኬድም። ሁለት ሰው እየተሳሳተም አቻ ይወጣል። አንዱ ይስታል፣ ሌላው ያልፈዋል፣ እኩል ይለያያሉ። ጨዋታው አቻ መሆኑ የእነሱን አቻ ንጹሕ አያደርገውም። ደግሞ አንቺው እንዳልሽው የተጫወቱት በዕጣ ከወጣ መክፈቻ ነው፤ መነሻው አቻ ነው ማለት ከሦስት እንቅስቃሴ በኋላ ያለው ሁሉ አቻ ነው ማለት አይደለም።


ሰሚራ ኮድ

ልክ ነህ፣ ለዚህም ነው ፍቺው ደካማ የሚባለው። ከመነሻው ሰሌዳ ተነሥተህ ማንም ቢመጣብህ የማትሸነፍበትን መንገድ ያውቃል። የትም መሐል ላይ ወስደህ ብታስቀምጠው ግን መልሱን አስቀድሞ ይዞ አይጠብቅህም፣ 10 ጠጠር ካልደረሰ በስተቀር። ቢሆንም ስድስቱን ጨዋታ ዛሬ ማስመርመር ይቻላል፤ ክርክሩን በወሬ ማሸነፍ አያስፈልግም።


የሸገር ልጅ

ይቅርታ፣ ዳማ እኮ ቀላል ስለሆነ ነው የተፈታው። ቼዝን ይፍቱት እስቲ።


ሰሚራ ኮድ

ቀላል ያልከውን ለመፍታት 18 ዓመት ፈጀባቸው። ይህ ንቀት ራሱ ታሪክ አለው። አርተር ሳሙኤል የሚባል የአይ ቢ ኤም ሰው በ1950ዎቹ ከራሱ ጋር እየተጫወተ የሚማር የዳማ ፕሮግራም ሠራ። ዛሬ ሁሉም ሰው አፉ ላይ ያለውን «ማሽን ለርኒንግ» የሚለውን ስም ያስለመደው የእሱ የ1959 ጽሑፍ ነው። በ1962 ፕሮግራሙ ሮበርት ኒሊ የሚባል ተጫዋች ላይ አንድ ጨዋታ አሸነፈ። ወሬው «ኮምፒውተር የዳማ ሊቅ አሸነፈ» ተብሎ ዞረ። ኒሊ ግን ጎበዝ ይሁን እንጂ ከላይኞቹ ተርታ አልነበረም። በ1966 ያው ፕሮግራም ከእውነተኞቹ፣ ከዋልተር ሄልማንና ከዴሪክ ኦልድበሪ ጋር ተጋጠመ፤ አንድም ሳይቀር ተሸነፈ። ይህኛውን ማንም አላወራውም። ከዚያ በኋላ ምሁራኑ ዳማ ያለቀለት ጉዳይ ነው ብለው ወደ ቼዝ ሄዱ፣ ቲንስሊ ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ሰው ሁሉ ይረታል። ሼፈር እስኪመጣ ድረስ ሃያ ዓመት በላይ ባክኗል ባይ ነኝ።


ኤድመንተኗ

እኔ የምኖረው ቺኑክ የተሠራበት ከተማ ነው። ሐበሻው እዚህ ብዙ ነው፣ በዩኒቨርሲቲው በር በየቀኑ የሚያልፍ አለ፣ ስለዚህ ነገር የሚያውቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ክሩ ደስ ብሎኛል።

ባለቆርኪ ያልጨረሰውን ልጨርስለት። ቦስተን ላይ ቲንስሊ ሲወጣ ዶን ላፈርቲ ተተካ፣ የዓለም ሁለተኛ የሚባል ተጫዋች ነበር። አንድ አንድ ተሸናነፉ፣ 18 አቻ። በ1995 መጀመሪያ እንደገና ገጠሙ፤ ቺኑክ 1 አሸነፈ፣ 31 አቻ። በ1996 የአሜሪካን ብሔራዊ ውድድር በላ፣ ከዚያ ጡረታ ወጣ።

አሁን የእኔ ሐሳብ። ቲንስሊ ማኅበራቱን ተጋፍቶ ከማሽን ጋር የተጫወተው ለምን ይመስላችኋል? ሰዎቹ እሱን ሲያዩ መሸነፍ ፈርተው አቻ ለማውጣት ብቻ ነው የሚጫወቱት። ተሰላችቶ ነበር። ቺኑክ ግን አይፈራም፣ ስሙን ሰምቶ አይንቀጠቀጥም፣ ሰው የማይደፍረውን አካሄድ ይደፍራል። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያጫውተው አገኘ። ዝምተኛው የሚለው የማዕረግ ነገር ለቲንስሊ ጉዳዩ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ማዕረጉን አይመልስም ነበር።

ሼፈር ላይ ደግሞ የደረሰው ሌላ ነው። ሰውየው ሲሞት ቺኑክ እሱን በግጥሚያ እንደማያሸንፈው የሚያምን ሁሉ እምነቱን ይዞ ቀረ፣ የሚያስክደውም የለም። የሞተ ሰው አይገጠም። የቀረው ጨዋታውን ራሱን መጨረስ ነበር። የማይሸነፍ ፕሮግራም ካለህ ቲንስሊም ከመቃብር ተነሥቶ ቢመጣ አቻ ነው የሚያገኘው። እኔ የ2007ቱን ሥራ ሳነብ የማየው ያላለቀውን የቦስተን ግጥሚያ ነው።


ዝምተኛው

ይህኛው አሳመነኝ ለማለት ምንም አልቀረኝም። ግን እንግዲህ እንደ አንቺ ከሆነ ቲንስሊም ያንን ፕሮግራም አያሸንፈውም። ከማሽን ጋር ተፎካክሮ የሚያገኘው ትልቁ ነገር አቻ ነው። ባለቆርኪ ይህን ይቀበላል?


ባለቆርኪ

እቀበላለሁ፣ ምን ችግር አለው። እኔ ያልኩት አልተሸነፈም ነው እንጂ አይበገርም አላልኩም። ቺኑክ ከአሥራ ስምንት ዓመት ሥራ በኋላ የደረሰበት ቦታ ላይ ሰባ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ያለ ሠንጠረዥ ከሞላ ጎደል ደርሶ ነበር፣ እሱ ነው የሚገርመኝ።


ገበጣ ነኝ

ስለ መፍታት ከተነሣ አፍሪካን እንዳትረሱ። የምዕራብ አፍሪካው አዋሪ፣ 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር፣ የገበጣችን የሥጋ ዘመድ፣ በ2002 ተፈትቷል። አምስተርዳም፣ ፍሬዬ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል። 144 ፕሮሰሰር ለ51 ሰዓት ሠርቶ 889 ቢሊዮን አቀማመጥ አወጣ። መልሱ እሱም አቻ። ከዳማው የሚለየው እያንዳንዱን አቀማመጥ ነው የፈቱት፤ ሰሚራ «ደካማ» ያለችው ዓይነት አይደለም፣ ጠንካራው ነው።

የእኛ ገበጣ ግን አልተፈታም፣ የሚፈታበትም መንገድ አይታየኝም፤ የቱ ገበጣ? ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣዎች ጽፈዋል፤ ከቦታ ቦታ የሚለያየው ብዛቱ ያስደነግጣል። ሁለት ረድፍ አለ፣ ሦስት ረድፍ አለ፤ ሦስት ረድፉ ከእኛ አካባቢ ውጭ ብዙም አይታወቅም። የአያቴ ሕግና የጎረቤታችን ሕግ ራሱ አንድ አልነበረም።


አባ ደርብ

የድሮው ሰንጠረዣችንስ! በጥንቱ አጨዋወት መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል፣ እንደ ፈለጉ፣ በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ሠራዊት ማሰለፍ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ብቻ ነው ተራ በተራ የሚኬደው። ሰሚራ፣ ልጄ፣ ይህንን ለኮምፒውተርሽ ንገሪልኝ።


ሰሚራ ኮድ

ጋሼ፣ ይህማ ጉድ ነው! እስካሁን ያወራነው ሁሉ «አሁን የማን ተራ ነው» ከሚለው ነው የሚጀምረው። ተራ ከሌለ ፍለጋው የሚቆምበት መሬት የለውም፣ ፈጣን እጅ ያለውም ይጠቀማል። ሮቦት ክንድ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ እርስዎ ለጊዜው ደህና ነዎት።


ጠጠር በጠጠር

የጎ ሰው የለም እዚህ? ሁሉም አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ሊ ሴዶልን በማርች 2016 ሴኡል ላይ 4 ለ 1 አሸነፈ ይልና ያቆማል። በሁለተኛዋ ጨዋታ አልፋጎ ያደረገው 37ኛው እንቅስቃሴ ይወራል፣ በአራተኛዋ ሊ ያደረገው 78ኛው ይወራል። ሁለቱንም ሰው ሊመርጣቸው የሚችለው ከ10,000 አንድ ጊዜ ነው ብሎ ማሽኑ ራሱ ገምቷቸው ነበር። ሊ በ2019 ከሙያው ሲወጣ ምክንያቱን ሲናገር የማይሸነፍ ነገር መጥቷል አለ። ልብ ይሰብራል።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰምታችኋል? በ2023 ኬሊን ፔልሪን የሚባል አማተር፣ ፕሮፌሽናል ያልሆነ ሰው፣ ካታጎ የሚባለውን ከሰው ሁሉ የሚበልጥ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈው። ሲጫወት ምንም የኮምፒውተር እርዳታ አልነበረውም። ዘዴውን ያገኙት ግን ተመራማሪዎች በሌላ ፕሮግራም ነው። ሌላ ቦታ እየነካካህ ታዘናጋዋለህ፣ በዚህ መሐል የእሱን ጠጠሮች ቀለበት ሠርተህ ትከባለህ። ጀማሪ ልጅ የሚያየውን ከበባ ማሽኑ እስኪዘጋበት ድረስ አያየውም።

እና «የማይሸነፍ» ስንል የቱን ነው? ካታጎ ብርቱ ነው፣ ግን ማረጋገጫ የለውም። ብርቱነቱን የተማረው ከራሱ ጋር ተጫውቶ ነው፤ እሱ ራሱ የማይሄድበት ስርቻ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ቺኑክ ላይ ግን እንዲህ ያለ ስርቻ ፈልገህ አታገኝም።


ሰሚራ ኮድ

ጠጠር በጠጠር፣ ይህ የክሩ ምርጥ አስተያየት ነው። የዘንድሮዎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ፣ የቼዞቹ ስቶክፊሽና አልፋዜሮም ጭምር፣ ከካታጎ ወገን ናቸው። በቼዝ ሙሉ መልስ ያለን ሰሌዳው ላይ ሰባት ክፍል ብቻ ሲቀር ነው፤ ነገሥታቱን ጨምሮ። ከዚያ በላይ ያለው ግምት ነው፣ እጅግ ጥሩ ግምት።


አወያይ

ክሩ ጥሩ እየሄደ ነው፣ እናመሰግናለን። የጎው ነገር ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፣ ጠጠር በጠጠር ክፈትልን። እዚህ በዳማው እንቀጥል።


የሸገር ልጅ

እኔ አንድ ነገር ብቻ። ዳማ አቻ ነው ከተባለ፣ ሰፈራችን ሄጄ ቆርኪ ደርድሬ ይህን የፈረንጅ መልስ ሸምድጄ አልሸነፍም ማለት ነው?


ሰሚራ ኮድ

አይ። የተፈታው የእነሱ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የነገሠው ጠጠር አንድ አንድ ቤት ነው የሚሄደው፣ ያልነገሠው ደግሞ ወደ ኋላ አይበላም። እናንተ ሰፈር የነገሠው ሰያፉን ሁሉ ይሮጣል?


የሸገር ልጅ

ይሮጣል እንጂ! ካልሮጠ ለምን ነገሠ?


ሰሚራ ኮድ

ስለዚህ 39 ትሪሊዮኑ ለእናንተ አንድም አይጠቅምም። የሰሌዳው ብዛት ያው ነው፣ 120ውም 6,972ውም አይለወጥም፤ እያንዳንዱ ላይ ያለው ምልክት ግን ሁሉም ይለወጣል ብለህ አስብ። ከባዶ ነው የሚጀመረው። እንዲያውም እስከ አራት ጠጠር ያለውን እኔ በላፕቶፕ እሠራዋለሁ፣ ሰባት ሚሊዮን ምንም አይደለም። ሕጉን ብቻ በግልጽ ጻፉልኝ።


ባለቆርኪ

ይኸው። መብላት ግዴታ ነው። ሁለት የሚበላ መንገድ ካለ የፈለገውን ይመርጣል። ያልነገሠ ወደ ኋላ አይበላም። የነገሠ እንደ ልቡ ይሮጣል፣ ከበላ በኋላም የፈለገበት ቤት ያርፋል።


ገበጣ ነኝ

የምን የፈለገውን ይመርጣል! ብዙ የሚበላበትን ነው መውሰድ ያለበት። ደሴ እንዲያ ነው የተጫወትነው።


የሸገር ልጅ

እኛ ጋ ያልነገሠም ወደ ኋላ ይበላል፣ ከጀመረ በኋላ ከሆነ። በወደ ኋላ መጀመር ግን አይችልም።


አባ ደርብ

መብላት ግዴታ ነው የሚለውስ? በእኛ ጊዜ ሳይበላ ያለፈ ሰው ያ ጠጠሩ ይነሣበት ነበር፣ ጨዋታው ግን ይቀጥላል። ግዴታ ከሆነ ቅጣቱ ለምን ኖረ?


ባለቆርኪ

ጋሼ፣ ያ ቅጣት እኮ አሁን ቀርቷል።


አባ ደርብ

ማን አስቀረው? እኔን የጠየቀኝ የለም።


ሰሚራ ኮድ

እናንተ እስክትስማሙ አልጠብቅም። ዛሬ ማታ በባለቆርኪ ሕግ ባለ ሦስት ጠጠሩን አስጀምራለሁ፣ ቀጥሎ «ብዙውን ይበላል» የሚለውን ለብቻው። የደሴና የባለቆርኪ ሠንጠረዥ የሚለያዩበትን አቀማመጥ አውጥቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ጋሼ፣ የቅጣቱን ሕግ በደንብ ይጻፉልኝ፤ የተነሣው ጠጠር ከተነሣ በኋላ ተራው የማን ነው?


አባ ደርብ

የቀጪው ነው። አንሥቶ፣ ከዚያ የራሱን ይጫወታል።


የሸገር ልጅ

ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ማንሣቱ ራሱ እንደ ተራ ነው የሚቆጠረው።